ቀዩ ገና ነው

መጠየቅ ከባድ ሥራ ነው። መመለስማ ማንም ይመልሳል፤ አገሩ በሙሉ መልስ ነው። ቢቸና መሀል ቆማችሁ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሰው ትዳር ወይም ስለ ጉልበት ሕመም አንድ ቃል ብትተነፍሱ መላሹ ከግራ ከቀኝ ይጎርፍላችኋል። ደህና አድርጎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጠያቂ አጋጥሞኛል። የድንበር ፖሊስ ጠይቆኛል፣ የንስሐ አባት ጠይቆኛል፣ አማቴ ነፍሷን ይማርና ሌላ ሥራ አልነበራትም። ሁሉም የሚጠይቁት መልሱን ለራሳቸው ወስነው ከጨረሱ በኋላ ነው። ይሁንና ከሁሉም የከፋው ጠያቂ ማን ነው ብትሉኝ ሳላመነታ እነግራችኋለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ «አትም» ስትሉ ብቅ የምትለው ያቺ ትንሽ መስኮት ናት።

ታውቋታላችሁ። የቸኮላችሁ ቀን ነው የምትመጣው። ከላይ እስከ ታች በጥያቄ ታጭቃለች። «ስንት ቅጂ» የሚለው ይገባችኋል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም፣ እርስ በርሳቸው ለሚግባቡ ሰዎች የተጻፈ ነው። ጥግ ላይ «ተጨማሪ» የምትል ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጭኖ በሰላም የተመለሰ ሰው አላውቅም። ከጎኗ ደግሞ «እሺ» አለች። ሁላችንም «እሺ» እንላለን። «አልገባኝም» ከማለት «እሺ» ብሎ መገላገል በለመደ ሰው ፊት «እሺ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ ገደል አፋፍ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው።

ይህን የምለው ከጥላቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥላቻም አለበት፤ ግን ሙያዬም ነበር። ጉልበቴን የጨረስሁት ሰሜን አውሮፓ ውስጥ፣ ዝናብ በማያባራባት አንዲት ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው መጽሐፍ ሳርም ነው። የሌላ ሰው ሐሳብ በሌላ ሰው ቋንቋ ተጽፎ ይመጣልኛል፤ እኔ የወደቀውን አነሣለሁ፣ የተጣመመውን አቀናለሁ፤ ደራሲው ሲጨበጨብለት ደግሞ ከበር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ደጉንም ክፉውንም መጽሐፍ ብዙ አነበብሁ፤ ሰው ግን ብዙ አላተረፍሁም። ጡረታ ስወጣ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። ቢቸና ፊት ለፊት «እትዬ ደብሪቱ» ትለኛለች፤ ዞር ስል ደግሞ «ሐሞት ጠጥታ የመጣችው» ትለኛለች። ሁለቱም ስም ደርሶኛል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። የኔታ ልሳነወርቅን ቢቸና ውስጥ የማያውቃቸው ለገበያ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ቅኔ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው ነጥቷል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የእሳቸው መምህር በሕይወት ሳሉ ለደብራችን ታቦት አንድ መልክዕ ደርሰው ነበር፤ ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር እያነሣ የሚያወድስ ረጅም ድርሰት ነው። ብራና ላይ አልሰፈረም፤ በቃል ሲወርድ ኖረ። ከተማሩት መካከል በቃላቸው ይዘውት የቀሩት የኔታ ብቻ ናቸው። ሐኪም ደግሞ ዓይናቸው ቀስ በቀስ እየከዳቸው እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። የኔታ የተመኙት አንድ ነገር ነው፤ መልክዑ ለዘንድሮው ንግሥ እንዲታተምና እሳቸውም በገዛ ዓይናቸው እንዲያነቡት። በቃል መድገሙን አላሉም። ማንበቡን ነው። «መምህሬን በጆሮዬ ነው የማውቃቸው፤ ዓይኔ ሳይጠፋ በዓይኔም ልወቃቸው» ብለውኛል።

ጽሑፉን የጻፈው አየነው ነው። አየነው ድሮ ዲያቆን ነበር፤ ዛሬ ከመናኸሪያው ማዶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ይኖራል። የኔታ ከቃላቸው እያወረዱለት እሱ በኮምፒውተር ጻፈው። የጻፈበትን ፕሮግራም የሠራችው ሒክማ የምትባል የሞጣ ልጅ ናት። ፕሮግራሙ ደግ ነው፤ ግዕዙን አሳምሮ ይጽፋል፣ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት እንደ ወጉ ያቀላዋል። ከእኛ እስከ ጉንደ ወይን ያሉ ጽሕፈት ቤቶች በዚያው ነው የሚሠሩት። አየነው ቤት ያለችው ማተሚያ ትንሽ ስለሆነች መልክዑን ፒዲኤፍ አድርጎ ሞጣ ወዳለ ማባዣ ሊልከው ሆነ። ያቺ መስኮት ብቅ አለች። አየነው «እሺ» አላት።

ወረቀቱ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። ጥቁሩ ጽሕፈት እንደ ዕንቁ ነው። ስሞቹ ግን የሉም። ስም ሊኖር በሚገባበት ሁሉ ነጭ ባዶ ቦታ፣ የወለቀ ጥርስ የመሰለ።

ሌላ አገር ቢሆን ያን ቀን ጩኸት ይነሣ ነበር፤ እኔ በኖርሁበት ማተሚያ ቤት ለዚህ ያነሰ ጉድለት ሰው ከሥራ ሲባረር አይቻለሁ። ቢቸና ላይ ግን አንድም ሰው አልደነገጠም። ለምን ቢባል፣ እዚህ የተማረ ሰው ሁሉ ብራና ሲጻፍ አይቶ ያደገ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ በጥቁሩ ብርዕ ይወርዳል፤ የስሙን ቦታ እየተወ ያልፋል፤ ጥቁሩን ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ ቀዩን ቀለም በጥብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ለእነሱ ጉድለት አይደለም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሥራ ነው። አየነው አየውና «ቀዩ ገና ነው» ብሎ ሳይጠርዘው ወደ ካርቶኑ መለሰው። የደብሩ አለቃ አንድ ቅጂ ተልኮላቸው አገላበጡትና «መልካም ነው፤ ቀዩ ገና ነው» አሉ። የቅኔ ተማሪዎቹም አዩት፤ ቀዩ ገና ነበር። ቀዩን ማን እንደሚያመጣው ግን የጠየቀ የለም። አየነው፣ የደብሩ አለቃ የብራና ጸሐፊ የሚጠሩ መስሎታል። አለቃ ደግሞ አየነው ሌላ ማሽን ላይ የሚያወጣው መስሏቸዋል። መጠየቅ ከባድ ሥራ ነው አላልኋችሁም? ንግሡ እየቀረበ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኔታን ልጠይቅ ሄድሁ። መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ግን አይመለከቱትም።

«ደብሪቱ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። «አንቺ ስሕተት መልቀም ታውቂያለሽ። አንብቢልኝ።»

«እርስዎ አላነበቡትም እንዴ?»

«አንቺ አንብቢው።»

መነጽሬን አድርጌ ጀመርሁ። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምሁ።

«ምነው?» አሉ።

«የኔታ፣ ስሙ የለም።»

«የቱ ስም?»

«የታቦቱ። የእመቤታችንም የለም።» ገለጥሁ። «እዚህም የለም። ባዶ ነው።»

የኔታ ወደ እኔ ዞረው፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናኑ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውይ ልጄን፣ አንቺም አታዪም?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰውዬው ወረቀቱ እንደ ደረሳቸው ሊያነቡት ገልጠዋል። ጥቁሩ ታይቷቸዋል፤ ቀዩ አልታያቸውም። ሐኪሙ ያስፈራራቸው ቀን የደረሰ መሰላቸው። ለማንም አልተናገሩም፤ ተማሪዎቻቸው ፊት መልክዑን ሲያሰሙ በቃላቸው እያወረዱ ገጹን በልማድ ይገልጡ ነበር። «እግዚአብሔር ከሌላው ሁሉ ለይቶ ስሙን ብቻ ከዓይኔ ሲያነሣብኝ፣ ምን ብዬ ለሰው እናገራለሁ?» አሉኝ። «ኃጢአቴን አውቆ ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

«የኔታ፣ አልታተመም እኮ።»

«ምኑ?»

«ስሙ። ማሽኑ ዘሎት ነው። ወረቀቱ ላይ የለም። እርስዎ ያዩት ልክ ነው።»

«ወረቀቱ ነው ባዶው?»

«ወረቀቱ ነው።»

ሳቁ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ መቋሚያቸውን እስኪጥሉ ድረስ። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ደራሲዎች በአንዲት የጎደለች ፊደል ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ መጽሐፉ ከነስሞቹ ጠፍቶበት እንዲህ የተደሰተ ሰው ግን አላየሁም። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና «በይ እንግዲያው፣ ንግሡ ሳይደርስ ቀዩን አምጪልኝ» አሉ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አየነው።

«ቀዩ የታለ?» አልሁት።

«ገና ነው እትዬ።»

«ማን ነው የሚያመጣው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀውም መሰለኝ፤ ዞሮ ካርቶኑን አየው። ያቺን መስኮት አስከፈትሁትና «ተጨማሪ» የምትለዋን እንዲጫን አዘዝሁት። «እዚያ አንገባም እትዬ» አለኝ፤ ልክ ስለ ሰው ጓዳ እንደሚናገር። ገባን። ከታች፣ ከዓይን በራቀ ጥግ፣ «ቀለማቱን ለየብቻ አውጣ» የሚል ጽሕፈት አለ፤ አጠገቡ ራይት ተደርጎበታል። ለካ ከመልክዑ በፊት የሠርግ ጥሪ ሲሠራ፣ የሞጣው ማባዣ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያትም፣ ጥቁሩንና ቀዩን ለይቶ እንዲያወጣ ሒክማ በስልክ እየመራችው ያደረገው ራይት ኖሯል። ሠርጉ አለፈ፤ ራይቱ ቀረ። መስኮቷ የማያስፈልጋትን ታስታውሳለች፤ የሚያስፈልገንን ግን አትነግረንም። እንዲህ ያሉ ዘመዶችም አሉኝ።

በማግስቱ ያልተጠረዘውን ወረቀት ከነካርቶኑ አስጭኜ፣ የአየነውንም ፋይል በፍላሽ ይዤ ሞጣ ሄድሁ። ሒክማ የምትሠራው ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ቤተሰቡ ሞጣ ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ነው። ልጅቱ ሻሿን አሳምራ የጠመጠመች፣ ዓይኗ ፈጣን፣ ምላሷም ከዓይኗ የማይዘገይ ናት። የመጣሁበትን ስነግራት ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ አየች፣ ተረጋጋች።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ ልክ ነው የሠራው፤ ወደ ማባዣው የተላከው ጥቁሩ ብቻ ነው፣ ቀዩ ለብቻው አየነው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ለየብቻ አውጣ ተባለ፣ ለየብቻ አወጣ።»

«ማን አለው?»

«አየነው ነዋ። ራይቱ ይኸው።»

«አየነው ያለው ለሠርጉ ነው።»

«ታዲያ ማጥፋት ነበረበታ።»

«የት ገብቶ?»

«ተጨማሪ ውስጥ። ሁሉም ነገር እኮ አለ።»

«ሁሉም ነገር ያለበት ቦታማ መጋዘን ነው» አልኋት። «አባትሽ ጨርቁን በር ላይ የሰቀሉት ለምን ይመስልሻል?»

ከታች፣ ከሱቁ፣ የአባቷ ሳቅ ተሰማ። «ሒክማ፣ እንግዳዋን ምሳ ሳታበዪ አትከራከሪ» አሉ።

ተቆጥታ ነበር። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ሆኖም ስለ የኔታ ስነግራት፣ ቀዩ ከዓይናቸው የጠፋ መስሏቸው ዝም ብለው መቆየታቸውን ስነግራት፣ ልጅቱ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። «በእኔ ሥራ ነው ዓይናቸው የጠፋ የመሰላቸው?» አለች። እኔ ማጽናናት አልችልበትም። አባቷ ጨርቅ ከሚጠቀልሉበት ወረቀት አንድ ትልቅ ቁራጭ አስመጣችና «በሉ እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ብለው ይጠይቁ ነበር?» አለችኝ። ከተመለስሁ ወዲህ አንድ ሰው ምን ታስቢያለሽ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያንን ከሰዓት በኋላ በጦርነት አሳለፍነው። እኔ ጻፍሁ። ያማረ ጻፍሁ፤ ስለ ቀይ ቀለም ታሪክ፣ ስለ ብራና፣ ተጠቃሚው ከመወሰኑ በፊት ሊያስብበት ስለሚገባው ጉዳይ። ሒክማ እስከ መጨረሻው አነበበችና «እትዬ፣ በጣም ደስ ይላል። ማን ነው የሚያነበው?» አለችኝ። ብዕሯን አንሥታ ሰረዘችው። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ስሰርዝ ኖሬ የገዛ ዐረፍተ ነገሬ በሞጣ ልጅ ሲሰረዝ አየሁ። እኔም በተራዬ ራይት የሚደረግባቸውን ካሬዎቿን ሰረዝሁ። «ይቺ ምንድን ናት?» እላለሁ፤ አስረድታኝ ካልገባኝ ካሬዋ ወደ «ተጨማሪ» ጓዳ ትሄዳለች። «እሺ» በምትለው ቁልፍ ላይ ግን ልንቧቀስ ደረስን። «ሰው እሺ ይወዳል፤ ካጣት ይደናገራል» ትላለች። «ይደናገር» እላለሁ፤ «እስኪያነብ ድረስ ይደናገር።»

ስንጨርስ መስኮቷ ይህችን መሰለች። በስተቀኝ በኩል ገጹ ራሱ፣ ወረቀት ላይ የሚወጣውን መስሎ፣ ከነቀዩ ይታያል፤ ቀዩ የማይወጣ ከሆነ እዚያው ባዶ ሆኖ ይታያል። በስተግራ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ ወዴት ነው የሚሄደው ይላል። እዚሁ ይታተም፣ ለሌላ ማተሚያ ቤት ይላክ፣ ወይስ በስልክ ይነበብ። ከሥሩ ስለ ቀለሙ ትጠይቃለች፤ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይውጣ፣ ጠቁሮ ይውጣ፣ ወይስ በሌላ ዙር ለብቻው ይታተም። የመጨረሻውን የመረጠ ሰው ከገጹ ሥር ይህን ያነባል፦ «በዚህ ወረቀት ላይ ቀይ ጽሕፈት አይወጣም፤ ቦታው ባዶ ይቀራል።» ከእኔ ድርሰት የተረፈችው ይህችው ናት፤ ግን ደህና ናት፣ ሳትሰለቹ ታነቧታላችሁ። «እሺ» ከአገር ተባረረች። በእሷ ቦታ የሚሆነውን የሚናገር ቁልፍ ገባ፤ «ጥቁሩን ብቻ አትም» ይላል፣ ወይም «ሁለቱንም አትም»። የሠርግ ራይት ደግሞ ከሠርጉ ጋር ይቀራል፤ አዲስ ጽሑፍ ሲከፈት ጥያቄው እንደ አዲስ ይጠየቃል።

ከዚያ ሒክማ ካርቶኑን አየችና «ወረቀቶቹ ተጠርዘዋል?» አለች።

«አልተጠረዙም። ቀዩን ሲጠብቁ።»

ልጅቱ ፊቷ በራ። «እንግዲያውስ እኮ አልተበላሸም። ቀዩን ብቻ አውጥተን በዚያው ወረቀት ላይ እንደገና እናሳልፈዋለን።»

እውነትም ቢቸና በሙሉ ሳያውቅ ትክክል ነበር። ቀዩ ገና ነበር። ሰው መደንገጥ በሚገባው ጊዜ ደንግጦ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ሁሉ ተጥሎ ነበር።

ማባዣው ያለበት ቤት ወርደን የቀይ ቀለሙን አስገጠምን። የመጀመሪያው ወረቀት ተገልብጦ ገብቶ የታቦቱ ስም ከግርጌ ቁልቁል ታትሞ ወጣ። የማባዣው ሠራተኛ አማተበ። ሒክማ ምንም ሳትናገር ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ የምታሳይ ትንሽ ሥዕል መስኮቷ ላይ ጨመረች። ጥቂት ወረቀት ደግሞ አበላሸን። ከዚያ አንዱ ወጣ። ቀዩ ስም ባዶው ቦታ ላይ ገባ፤ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይጎድል፣ ለዓመታት እዚያው የነበረ ይመስል። ሒክማ ወረቀቱን እርጥቡን ይዛ እየሮጠች ለአባቷ ልታሳይ ሄደች። እኔ አልሮጥሁም፤ ግን ጉልበቴ ቢፈቅድልኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አየነው አዲሷን መስኮት ከተቀበለ ወዲህ ደስተኛ አይደለም። «ድሮ ሥራ ሲበላሽ ማሽኑ ነው እል ነበር እትዬ፤ አሁን ምን ልበል?» ብሎኛል። ለእሱ መድኃኒት የለኝም።

ንግሡ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቅጽሩ ውስጥ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ የኔታ መጽሐፉን ተቀበሉ። ሕዝቡ ከበባቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከንፈራቸው ሳይቸኩል፣ እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ንባብ፣ እያንዳንዱ ስም ላይ ጥቂት እየቆሙ ወረዱ። ጥቁሩን ያነባሉ፤ ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። እንዲህ እያሉ መሀል ላይ ድንገት ቆሙ።

ዓይናቸው የከዳቸው መሰለኝ፤ ያውም እዚህ፣ ያውም ዛሬ።

«ደብሪቱ» አሉ።

«አቤት የኔታ።»

«እዚህ ጋ ቀዩ ከጥቁሩ ዝቅ ብሏል።»

መጽሐፉን ተቀበልሁ። አየሁ፤ ልክ ነው። መነጽሬን አድርጌ አየሁ፤ ልክ ነው። ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳይ፣ በእውነት በጠጉር ውፍረት ያህል ዝቅ ብሏል። እኔ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ለዚሁ ሲከፈለኝ የኖርሁት ሳላየው አልፌዋለሁ።

«ዝቅ ብሏል» አልሁ።

የኔታ መጽሐፉን ነጠቁኝ። ያን ቀን እስኪመሽ በቅጽሩ ውስጥ እየዞሩ ላገኙት ሰው ሁሉ ያንን ገጽ አሳዩ። «ይታይሃል? ዝቅ ብሏል» ይላሉ። አለቃ አልታያቸውም፤ «እንግዲህ ዓይንዎን ይታዩ» አሏቸው የኔታ፣ በሙሉ ርኅራኄ። ነቀፌታ እንዲህ በደስታ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሒክማ ከሞጣ ደወለች። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ስሕተት አገኙበት።»

«ወይኔ። ተቀየሙ?»

«ገና እየዞሩ ያሳያሉ።»

ሳቀች። «በሚቀጥለው ኅትመት አስተካክለዋለሁ በሏቸው» አለች።

ለየኔታ አደረስሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም» አሉ፤ «ሲታተም ግን ወደ እኔ ትላከው፤ የማየው እኔ ነኝ በያት።»

ሥራዬን እንዲህ ተቀማሁ። መነጽሬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ጠበል ጸዲቁ ወደሚታደልበት ሄድሁ።